ጎመን በጤና ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሰንጋ ተራ 40/60 ኮንዶሚኒየም ነው። ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ከወንድሙ ጋር መርካቶ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። የተጋባነው በ2004 ነው። የ10 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆነናል። ለመለያየት ሁለታችንም ወስነናል። እሱ ‹ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አንንከራተት። ጠበቃ ጓደኛ አለኝ፣ ለሁለታችንም ወረቀቱን ያዘጋጅልን። አጎቴ ይሸምግለንና እንጨርስ› ይለኛል። ቤቱ በስሙ ስለተመዘገበ የእኔ ነው ይላል። ሱቁ ደግሞ የወንድሜ ነው ይላል። ለእኔ ያሰበው መኪናዋንና የተወሰነ ብር ነው። ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ‹እዚህ ሰው ሳይካሰስ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ጠበቃ ይዘው በትብብር ይፋታሉ፣ እሱን ሞክሪ› አለችኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ‹ክሰሺው፣ አለዚያ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ› ይሉኛል። መትቶኝ አያውቅም። ግን ስንነጋገር ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እኔ ዝም እላለሁ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ ጎመን በጤና ብዬ ሁሉን ትቼለት፣ ልጆቼን ይዤ ጉለሌ እናቴ ቤት ልግባ ያሰኘኛል። የትኛውን ልምረጥ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰንጋ ተራ»

ውድ እህቴ፣

ለመለያየት ሁለታችሁም ወስናችኋል ብለሻል። ስለዚህ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብዬ አልጀምርም። የጠየቅሽኝ መንገዱን ነው፤ ስለ መንገዱ እንነጋገር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራልሽ። ባለቤትሽ «ፍርድ ቤት አንሂድ» ሲል የማይቻል ነገር ነው የሚነግርሽ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ፍቺ የለም። ድሮ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ፣ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺ መወሰን ይችሉ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። በ2013 የወጣው የግልግል ዳኝነት አዋጅም ፍቺ በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ ከልክሏል። አጎቱም ሆኑ ጠበቃ ጓደኛው ሊያፋቷችሁ አይችሉም። ወረዳውም ቢሆን ፍርድ ቤት የወሰነውን ፍቺ ይመዘግባል እንጂ አያፋታም። በማዘጋጃ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ብትጋቡም ለሕጉ ለውጥ የለውም። (በቁርባን ተጋብታችሁ ከሆነ የሃይማኖቱን በኩል ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

እንግዲህ ምርጫሽ ፍርድ ቤት መሄድና አለመሄድ አይደለም። ተስማምቶ መሄድና ሳይስማሙ መሄድ ነው።

ተስማምታችሁ ከሄዳችሁ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ የደረሳችሁበትን በጽሑፍ አድርጋችሁ ታቀርባላችሁ። ለምን እንደተጣላችሁ መናገር አይጠበቅባችሁም። ዳኛው ለየብቻም ሆነ አንድ ላይ ያነጋግራችኋል። ሐሳባችሁን እንድትቀይሩ ይሞክራል፤ ካስፈለገም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል። ካልተመለሳችሁ ስምምነታችሁን ይመረምራል። በነጻ ፈቃዳችሁ የተደረገ መሆኑን፣ ከሕግና ከሞራል ጋር የማይጋጭ መሆኑን ካመነ ያጸድቀዋል። ለልጆቹ ደኅንነት አይበቃም ወይም አንዱን ወገን ይጎዳል ካለ ደግሞ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ራሱ ሊወስን ይችላል።

ሳትስማሙ ከሆነ አንዳችሁ ብቻችሁን አቤቱታ ታቀርባላችሁ። እዚህም ጥፋት ማስረዳት ግዴታ አይደለም። ዳኛው እንዲሁ ያነጋግራችኋል፤ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች በኩል እንድትታረቁ ሊያደርግም ይችላል። የማሰቢያው ጊዜም እንዲሁ ከሦስት ወር አይበልጥም። ዕርቅ ካልሆነ ፍቺው ይወሰናል። በንብረቱና በልጆቹ ጉዳይ ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ ራሱ፣ ወይም በሚመድባቸው ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች አማካይነት ይወስናል። ፍቺው ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚጎትተው ንብረቱ ነው። ሰው ከተፋታ በኋላ ለዓመታት በቤትና በመኪና ሲከራከር፣ ከዚያ ይግባኝ፣ ከዚያ ሰበር ሲል ታይቷል። የባለቤትሽ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም።

ወደ እህትሽ ሐሳብ ልምጣ። ጥሩ ነገር ነው የነገረችሽ። እሷ ካለችበት ከሚኒሶታ የመነጨም ነው። በፈረንጆቹ 1990 ስቱ ዌብ የሚባል የሚኒያፖሊስ የቤተሰብ ጠበቃ የፍርድ ቤት ሙግት ሰለቸውና «ከእንግዲህ ደንበኞቼን የምይዘው ለማስማማት ብቻ ነው፤ ካልተስማሙ ከጉዳዩ እወጣለሁ» አለ። ትብብራዊ ፍቺ የሚባለው ከዚያ ተነሥቶ ተስፋፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባልም ሚስትም የየራሳቸው ጠበቃ ይኖራቸዋል። አራቱም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ላለመካሰስ ይፈራረማሉ። ያላቸውን ንብረትና ገቢ ሳይደብቁ ለመግለጽ ቃል ይገባሉ። አስፈላጊ ሲሆን ገለልተኛ የሒሳብ ባለሙያና የልጆች ባለሙያ ይጨመራሉ። ስምምነቱ ከፈረሰ ሁለቱም ጠበቆች ይወጣሉ፤ ባልና ሚስቱ አዲስ ጠበቃ ይዘው ክርክር ይጀምራሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር የአሠራሩ ጉልበት ነው። ጠበቃው ድርድሩ ቢፈርስ የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ሐሳቡን ሁሉ ማስማማት ላይ ያደርጋል። ግን አደጋም አለው፤ እመለስበታለሁ።

እኛ ዘንድ በዚህ ስም በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ የተቀመጠ መንገድ የለም። መንፈሱን ግን በስምምነት የሚደረገው ፍቺ ውስጥ ልታስገቢው ትችያለሽ። የሚከለክልሽ የለም። የየራሳችሁን ጠበቃ መያዝ፣ ወረቀት ለወረቀት መተያየት፣ ለቤቱ አንድ የጋራ ገማች መምረጥ፣ አራታችሁ አንድ ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ። ያኔ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሁለት ጠበቃ ያየውና የተከራከረበት ሰነድ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ምረጪ ልበልሽ? ከደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። «ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እኔ ዝም እላለሁ» ያልሽው።

በትብብር መፋታት የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ያላቸውን ይገልጣሉ። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይችላሉ። አንዱ ከጎደለ በሰላም የተፈጸመ የሚመስለው ነገር ጉልበተኛው የፈለገው ብቻ ይሆናል። አሜሪካኖቹም ይህን ያውቃሉ። በፈረንጆቹ 2009 ለክፍላተ ግዛቶቻቸው ያዘጋጁት ሞዴል ሕግ፣ ጠበቃው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በባልና ሚስቱ መካከል ማስፈራራት ወይም ጥቃት መኖሩን እንዲያጣራ ያስገድደዋል። የአንቺ ቤት እዚያ ደርሷል ማለቴ አይደለም። መትቶኝ አያውቅም ብለሻል፣ አምንሻለሁ። ግን ለዓመታት ዝም ስትይ የኖርሽበትን ሰው አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአጎቱና ከጓደኛው ጋር ተቀምጠሽ ልትደራደሪው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከአንቺ ወገን ማን አለ?

ማንም የለም። ለዚህ ነው የጠበቃውን ሐሳብ አሁኑኑ እንድትቃወሚ የምለምንሽ። ጓደኛው ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ጥቅማቸው የሚጋጭ ሁለት ሰዎችን አንድ ጠበቃ ሊወክል አይገባም። ወረቀቱን የሚጽፈው ለማን ነው? ቤቱ የማን እንደሆነ ስትጠይቂው የማንን መልስ ይሰጥሻል? ለባለቤትሽ እንዲህ በይው፦ «እኔም መካሰስ አልፈልግም። ጓደኛህ ለአንተ ይሁን፣ እኔም የራሴን ይዤ እመጣለሁ።» በዚህ ከተቆጣ የተቆጣበትን ምክንያት አስቢበት።

ሁለት ጠበቃ ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። አንቺ ደመወዝ አለሽ፤ ሌላውን ነገር አቆይተሽም ቢሆን ይህን ክፈይ። ይህን ለምታነቡና ለጠበቃ መክፈል ለማትችሉ እህቶች፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሽማግሌውንስ? ሽምግልናን አልንቅም። የዚህ ከተማ ስንት ቤት ሽማግሌ ገብቶበት ቆሟል። ግን የአንዱ ወገን አጎት ብቻውን ሽማግሌ አይባልም። አንቺም የምታምኛቸውን አንድ ሁለት ሰው አስመርጪ። እናትሽ የሚያከብሯቸው የሰፈር ሰው፣ የክርስትና አባት፣ የሥራ ታላቅ ሊሆኑ ይችላሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጆቹ አስተዳደግ፣ ስለ መከባበር፣ ስለ ስድብና ስለ ሐሜት ያነጋግሯችሁ። በዚህ እነሱን የሚያህል የለም። ቤትና ሱቅ ግን ሳሎን ውስጥ አይከፈልም። ሽማግሌ ፊት ወረቀት ቢቀርብልሽ አትፈርሚ። «ለጠበቃዬ ላሳየው» ብለሽ ይዘሽው ሂጂ። ማንም የሚቀየምበት ነገር የለም።

ደግሞም ይህን እወቂ። በጋብቻ ላይ እያላችሁ እርስ በርስ የምታደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አያስርሽም። አደጋው ሌላ ነው። ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ። ዳኛው «በነጻ ፈቃድሽ ነው ወይ?» ይልሻል። እሱ አጠገብሽ ቆሟል። አንቺም እንደለመድሽው አንገትሽን ትነቀንቂያለሽ። እንዲህ የጸደቀን ስምምነት በኋላ ማፍረስ ከባድ ነው።

ወደ ንብረቱ እንሂድ። ብዙ ሴቶች መብታቸውን ሳያውቁ የሚሸሹት እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ቤቱ በስሙ መመዝገቡ የእሱ አያደርገውም። ሕጉ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበን ንብረት እንኳ የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሣው። የግሌ ነው የሚለው ወገን ያስረዳ። የተጋባችሁት በ2004 ነው፤ የ40/60 ምዝገባ የተካሄደው በ2005 ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘው ገንዘብ ገብቶበታል ካላለ በቀር ምን ይዞ እንደሚከራከር አይታየኝም። የጋራ ንብረት ደግሞ በመርሕ ደረጃ እኩል ይከፈላል። የማን ደመወዝ ይበልጥ ነበር፣ ማን ወጥ ሠራ፣ ማን ልጅ አሳደገ ተብሎ አይሰላም። አንድ ነገር ግን አትርሺ። ቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳውም የሁለታችሁ ነው። ግማሽ ቤት ስታስቢ ግማሽ ዕዳ አብረሽ አስቢ።

ሱቁ ከበድ ይላል። ንግድ ፈቃዱ በወንድሙ ስም ብቻ ከሆነ የእሱ ድርሻ መኖሩን በማስረጃ ማሳየት የአንቺ ሥራ ይሆናል። ገንዘብ ያስገባበት የባንክ ማስረጃ፣ የሽርክና ውል፣ ዕቃ ሲያስጭን የፈረመባቸው ሰነዶች፣ ምስክር ያስፈልግሻል። እሱ ድርሻ ካለውና ከጋብቻ በኋላ ያገኘው ከሆነ የጋራችሁ ነው። ድርሻውን ከጋብቻ በፊት ይዞት የመጣ ቢሆንም እንኳ፣ በጋብቻው ዘመን ከሱቁ የተገኘው ገቢ የጋራ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ባልና ሚስት ከግል ንብረታቸው የሚያገኙት ገቢም ሕጉ የጋራ ያደርገዋል።

ዕቁቡንም ጠይቂ። የመርካቶ ነጋዴ ዕቁብ አይለየውም፤ የተጣለውም ሆነ ገና ያልወጣው ገንዘብ የቤታችሁ ነው። ከወንድሙ ተበድሬያለሁ የሚል ዕዳ ድንገት ብቅ ካለ ደግሞ መቼ፣ ለምን፣ በምን ወረቀት እንደተበደረ ይታይ። ለቤተሰቡ ኑሮ የዋለ ዕዳ የጋራ ነው፤ ከፍቺ ዋዜማ የተጻፈ ዕዳ ግን መመርመር አለበት። ቤቱን ያለ አንቺ ስምምነት መሸጥም ሆነ ማስያዝ አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ ብታገኚ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ባለው ስድስት ወር ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ አለብሽ። ቆይ ነገ እያልሽ እንዳታሳልፊው።

ባንክ ስለምትሠሪ አንድ ነገር ልንገርሽ። የእሱንም የወንድሙንም ሒሳብ በሥራ ኮምፒውተርሽ ከፍተሽ እንዳታዪ። ይፈትናል፣ ይገባኛል። ግን የደንበኛ ምስጢር ነው። ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል፤ ክርክሩ ላይም አንቺን ጥፋተኛ አድርጎ ያቀርብሽበታል። ባንክ ማስረጃ እንዲልክ ማዘዝ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። አንቺ ቤት ውስጥ በእጅሽ ያለውን ያዢ። የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤቱን ውል፣ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ የመኪናዋን ሊብሬ ኮፒ አድርገሽ ከቤት ውጭ፣ እናትሽ ጋ አስቀምጪ። ዋናውን ከቦታው አታንሺ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አሁንም ስምምነቱን መጀመሪያ ሞክሪ እላለሁ። የምለውም እንዲያው ሰላም ጥሩ ነው ብዬ አይደለም። ስምምነት ፍርድ ሊሰጥሽ የማይችለውን ነገር ስለሚሰጥ ነው። አንድ አፓርታማ ለሁለት አይሰነጠቅም። አንዳችሁ ሌላውን ከፍላችሁ ካላስቀራችሁት መጨረሻው በጨረታ ተሽጦ ብሩን መካፈል ነው። ልጆቹም ከሰፈራቸው፣ ከትምህርት ቤታቸው ይነቀላሉ። በስምምነት ግን ሌላ መንገድ አለ። ልጅሽ 12ኛ ክፍል እስክትጨርስ ከልጆቹ ጋር ቤቱ ውስጥ ትኖሪያለሽ፣ ከዚያ ይሸጣል ማለት ትችላላችሁ። ወይም አንቺ ቤቱን ከነዕዳው ትወስጂያለሽ፣ እሱ ከሱቁ ያለውን ድርሻና መኪናዋን ይወስዳል። ልዩነቱን ገማቹ ባወጣው ዋጋ ታቻችላላችሁ። እሱም ንግዱ ውስጥ እጅ እንዳይገባበት ስለሚፈልግ ይህ ሐሳብ ለእሱም ሊጥመው ይችላል።

ቀለቡንም እንዲሁ። «ለልጆቹ የሚያስፈልገውን ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስምምነት ውስጥ አይግባ። በወሩ ስንተኛ ቀን፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ሒሳብ? በየዓመቱ በስንት ያድጋል? የዛሬ ብር የዛሬ ሁለት ዓመት ምን እንደሚገዛ ገበያ ወጥተሽ ታውቂዋለሽ። የትምህርት ቤት መመዝገቢያ የማን ነው? ሕክምናስ? ፋሲካና ገና ልጆቹ ከማን ጋር ይውላሉ? ክረምቱንስ? እነዚህን እናንተ ብትወስኑ ከማንም ዳኛ የተሻለ ትወስናላችሁ፤ ልጆቹን የምታውቁት እናንተ ናችሁና።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ጠበቃ አነጋግሪ፤ ለባለቤትሽ ሳትነግሪው ብቻሽን። ከዚያ ያለውን ንብረት፣ ዕዳና ገቢ ከነማስረጃው ዘርዝሮ እንዲያመጣ ጠይቂው። አንቺም የራስሽን ዘርዝረሽ ስጪው፤ ደመወዝሽን፣ ቁጠባሽን፣ የባንክ ብድርሽንም ካለ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊው፣ በቴሌግራምም ቢሆን። ፊት ለፊት ዝም የምትይ ከሆነ መጻፍ ይቀልሻል፤ ማስረጃም ይሆንሻል። አንድ ወር ስጪው። ከአንድ ወር በላይ ግን አትጠብቂ።

ካመጣ በአራት ሆናችሁ ተቀመጡ። ድምፁን ከፍ ካደረገ ጠበቃሽ «ለዛሬ ይብቃን» ብሎ ያነሣሽ። ይህን አስቀድመሽ ተነጋገሪበት።

እዚህ ላይ ነው ከእህትሽ ሐሳብ የምለየው። ስምምነቱ ከፈረሰ ጠበቃው ይወጣል የሚለውን ቃል አትግቢ። ብርና ጊዜ ላለው ሰው ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው። ወራት አጓትቶ፣ የአንቺን ገንዘብ አስጨርሶ፣ በመጨረሻ «አልስማማም» ቢልሽ ጉዳይሽን የሚያውቀውን ጠበቃ አጥተሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። የአንቺ ጠበቃ ሊያስማማም ሊከራከርም የሚችል ይሁን። ሌላኛው ወገንም ይህን ይወቅ።

ወሩ አልቆ ወረቀት ካልመጣ፣ ወይም «ሱቁ አይመለከትሽም» ብቻ ካለሽ፣ አቤቱታውን አስገቢ። የሥራ ባልደረቦችሽ የሚሉሽን ዓይነት ጦርነት አድርገሽ አትዪው። አቤቱታ እንደገባ ፍርድ ቤቱ ስለ አንቺና ስለ ልጆቹ ቀለብ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ንብረቱም እንዴት እንደሚተዳደር ወዲያው ትእዛዝ መስጠት አለበት። ንብረት እንዳይሸሽ ዕግድ መጠየቅም ይቻላል። ሱቁን በሚመለከት ሰነድ እንዲቀርብ የሚያስገድድልሽ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ከገባ በኋላ መስማማት ከፈለጋችሁም በሩ ክፍት ነው። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን አሠራር አምጥቷል። መዝገባችሁ ወደ አስማሚ ተመርቶ እዚያ መጨረስ ትችላላችሁ። አንዳንድ ሰው ወደ ልቡ የሚመለሰውም መጥሪያው እጁ ሲገባ ነው።

አሁን ጎመን በጤና ያልሽውን ልመልስ። መድከምሽ ይገባኛል። ስንት ዓመት ዝም ያለ ሰው ሰላሙን በምንም ዋጋ ሊገዛ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን የምትተዪው የአንቺን ብቻ አይደለም። የዛሬ ዓመት ኪራይ ስትከፍይ፣ የልጅሽ ትምህርት ቤት ሲጨምር፣ ያቺ የተወሰነ ብር አልቃ መኪናዋ ጎማ ስትጠይቅሽ፣ ያኔ ለመጠየቅ ይረፍዳል። መብትሽን ዐውቀሽ ከተነጋገርሽበት በኋላ ከድርሻሽ አንድ ነገር ብትተዪለት አከብርሻለሁ። ሳታውቂው የምትተዪውን ግን እቃወማለሁ።

ስለዚህ ለጊዜው ጉለሌ አትግቢ። ከቤት ብትወጪ የንብረት መብትሽ አይጠፋም፤ ያን አትፍሪ። ግን ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ሕይወታቸውም ሰንጋ ተራ ነው። ከቤቱ ማን ይውጣ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ሕጉ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው እንዲያይ ዳኛውን ያዝዘዋል። ያ ትእዛዝ እስኪሰጥ ቤትሽ ቆዪ። ይህ ምክር የሚሠራው እስካሁን እንዳልሽው ከሆነ ብቻ ነው። እጁን ካነሣ ወይም ቢያስፈራራሽ ልጆችሽን ይዘሽ በዚያው ሰዓት ውጪ። ለፖሊስ አመልክቺ፣ አቤቱታሽን አስገቢ። ያኔ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መነጋገር የሚባል ነገር ቀርቷል።

ልጆቹን ሁለታችሁ ሆናችሁ፣ አንድ ላይ ንገሯቸው። ለሴቷ ልጅሽ «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ አንቺም እሱም፣ አያቶችም እንዳትጠይቋት። 10 ዓመቷ ነው። ጉዳዩ ዳኛ ዘንድ ቢደርስ እንኳ ፍርድ ቤቱ የወላጆችን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል እንጂ ማንን ትወጃለሽ ተብላ የምትፈርደው እሷ አይደለችም። ውሳኔውም ሁኔታ ሲለወጥ ሊታይ ይችላል።

ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ዳኛው ለብቻሽ ሊያነጋግርሽ ይችላል። ለብቻሽ ካላነጋገረሽ «ለብቻዬ ልናገር» ማለት ትችያለሽ። ስምምነቱ ውስጥ የማትፈልጊው መስመር ካለ የትኛው እንደሆነ እዚያ ተናገሪ። ከፈራሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢና አንብቢው።

ወረቀቱን ጠይቀሽው የሚመልስልሽን ጻፊልኝ። የሚቀጥለው እርምጃሽ በእሱ መልስ ላይ ይወሰናል።